ኢንኮደሩ ወርድና ቁመቱን አልቀበልም ሲል፦ መቁረጥ፣ መሙላት ወይስ መለጠጥ?

የቪዲዮ ኢንኮደር (ምስሉን አጭቆ ወደ ቪዲዮ ፋይል የሚቀይረው ፕሮግራም ወይም መሣሪያ) ሥራውን ጀምሮ ወዲያው ሲያቆም፣ ወይም እስከ መጨረሻው ሄዶ የተበላሸ ምስል ሲያስረክብ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በኢንኮደሩ ውስጥ ሳይሆን በቀረበለት ምስል ወርድና ቁመት ላይ ነው። ጅማ ውስጥ የሰርግ፣ የምርቃትና የትምህርት ቪዲዮ የምናቀናብር ሰዎች ይህን ችግር ደጋግመን የምናየው ለአንድ ሥራ የሚሰጠን ቀረጻ ከአንድ ካሜራ ስለማይመጣ ነው። ካሜራማኑ በ1920×1080፣ ማለትም ወርዱ 1920 ቁመቱ 1080 ፒክስል (የምስል ነጥብ) አድርጎ ይቀርጻል፤ በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከላይ ያነሳው ድሮን 3840×2160 ያመጣል፤ የሙሽራዋ እኅት ስልኳን አቁማ የቀረጸችው 1080×1920 ይሆናል፤ «የእናትና የአባታቸውንም ሰርግ መሀል ላይ ጣል አድርጉልን» ሲባል ደግሞ ከካሴት የተገለበጠ 720×576 ይጨመራል። አራቱን በአንድ ፋይል አስገባ የተባለ ኢንኮደር ቢያምፅ አይፈረድበትም።

በዚህ ጊዜ የብዙዎቻችን እጅ የሚቀድመው ምስሉን በግድ ወደሚፈለገው ልኬት ወደ መለጠጥ ነው። በእኔ ግምት ካሉት አማራጮች ሁሉ መጨረሻ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ይኸው ነው። የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን ግን አስቀድሞ መለየት ያለበት ነገር አለ። «ልኬቱ አልገጠመም» በሚለው አንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ጥፋቶች አሉ፦ ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነበት፣ የምስሎቹ ቅርጽ የተለያየበት፣ እንዲሁም ለኢንኮደሩ የተነገረው ልኬት በተጨባጭ ከቀረበለት ምስል ጋር የማይስማማበት። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም፤ በተለይ ሦስተኛውን ጥፋት በመቁረጥ ወይም በመሙላት (ባዶ ጠርዝ በመጨመር) ለማስተካከል የሚሞክር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢደክም አይሳካለትም።

ስለዚህ መለካት ይቀድማል። ፋይሉን የቪዲዮ መግለጫ በሚያነቡት በኤፍኤፍፕሮብ ወይም በሚዲያኢንፎ ፕሮግራም ከፍተው ወርድና ቁመቱን፣ የፒክስሉን ምጥጥን (የአንዷን ፒክስል ወርድ ከቁመቷ ጋር)፣ የመዞሪያ ምልክቱንና የቀለም ናሙናውን ዓይነት ያንብቡ። ስልክ ቆሞ የተቀረጸ ቪዲዮ በፋይሉ ውስጥ 1920×1080 ተብሎ ተጽፎ፣ አጠገቡ «ሲታይ 90 ዲግሪ ይዙር» የሚል ምልክት ሊኖረው ይችላል፤ ቁጥሩን ብቻ አንብቦ ምልክቱን የዘለለ ሰው ከመነሻው ይሳሳታል። ከካሴት የተገለበጠው 720×576 ደግሞ ፒክስሎቹ ወርዳቸውና ቁመታቸው እኩል ስላልሆነ፣ በትክክለኛ ቅርጹ ሲታይ ወደ 768×576 ይሰፋል።

ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን

ኤክስ264 የተባለው ኢንኮደር 1365×768 የሆነ ምስል ሲቀርብለት፣ ወርዱ ለ2 እንደማይካፈል የሚገልጽ መልእክት ጽፎ ያቆማል። እንዲህ ያለ ጎዶሎ ልኬት በብዛት የሚመጣው ከስክሪን ቀረጻ ነው፤ መምህሩ የሚፈልገውን የስክሪን ክፍል በማውዝ ስቦ ሲመርጥ እጁ የት ላይ እንደሚያርፍ ማንም አይቆጥርም። ከስልክ ፎቶዎች በተሠራ ተከታታይ ምስልና በእጅ በተቆረጠ ቀረጻ ላይም ያጋጥማል።

ምክንያቱ የቀለም አያያዝ ነው። በተለምዶ በምንጠቀምበት 4:2:0 አሠራር እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ የብርሃን መጠን ሲኖረው፣ ቀለሙን ግን ሁለት በሁለት ሆነው የተቀመጡ አራት ፒክስሎች በጋራ ይጠቀሙበታል። ወርዱ 1365 ከሆነ የመጨረሻዋ ዓምድ ጥንድ አጥታ ትቀራለች። «ለ16 ካልተካፈለ አይሠራም» የሚል ምክርም በሰፊው ይሰማል፤ ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀውና ኤክስ264 የሚከተለው የቪዲዮ መጭመቂያ ደንብ ኤች.264 ምስሉን 16 በ16 በሆኑ ብሎኮች እንደሚከፍል እውነት ቢሆንም፣ ሁላችንም የምንሠራበት 1080 ራሱ ለ16 አይካፈልም። ኢንኮደሩ ከታች 8 ረድፍ ጨምሮ 1088 ያደርገውና፣ በፋይሉ መግቢያ ላይ እነዚያ 8 ረድፎች እንዳይታዩ የሚያዝ ቁጥር ይጽፋል። በ4:2:0 ይህ የመደበቂያ ቁጥር የሚቆጠረው ሁለት ሁለት እየተባለ ስለሆነ፣ ጎዶሎ ልኬትን የሚገልጽበት መንገድ የለውም። ግዴታው የ2 እንጂ የ16 ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ረድፎቹ እየተዘለሉ በሁለት ዙር በሚያዙበት፣ ኢንተርሌስድ በሚባለው አሠራር ከተሠራ ግን ቁመቱ ለ4 መካፈል ይኖርበታል።

እንግዲህ አንድ ፒክስል ብቻ ስትተርፍ ምርጫዬ ያለ ማመንታት መቁረጥ ነው። ከ1365 ዓምዶች አንዷ ብትጎድል የሚያውቅ ዓይን የለም፤ የቀሩት 1364 ዓምዶች ግን ሳይነኩ እንዳሉ ይቆያሉ። ቪዲዮን በተጻፈ ትዕዛዝ በሚቀይረው በኤፍኤፍኤምፔግ ፕሮግራም ክሮፕ የተባለውን የመቁረጫ ማጣሪያ ወስዶ፣ ወርዱንም ቁመቱንም ለ2 አካፍሎ ቀሪውን ከጣለ በኋላ መልሶ በ2 እንዲያባዛ ማዘዝ ለማንኛውም ልኬት ያገለግላል። በአንጻሩ ስኬል በተባለው ማጣሪያ 1365ን ወደ 1364 ማሳነስ አንዷን ዓምድ ለማስወገድ ሲባል በምስሉ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፒክስል እንደገና ማስላት ነው። በሰርግ ቀረጻ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ በስክሪን ቀረጻ ላይ ግን የኤክሴል ሰንጠረዥ ቀጫጭን መስመሮች አንዱ ደምቆ ሌላው ደብዝዞ ይታያል፤ ትናንሽ የግዕዝ ፊደላትም ጠርዛቸው ይሟሽሻል። የ«ሠ»ን መካከለኛ እግር ለማየት የሚቸገር ተማሪ ጥፋቱን በዓይኑ ያሳብባል።

መሙላት ከመቁረጥ የሚሻልበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ጠርዙ ላይ ያለው ነገር ሊጣል የማይገባው ሲሆን ነው። የቡና ቅጠል ላይ የበሽታ ነጥብ በቀናት ልዩነት እንዴት እንደሚሰፋ በተከታታይ ፎቶ የሚለካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጠርዙ አንድ ዓምድ ቢጠፋበት መለኪያው ይጎድልበታል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ፓድ የተባለው ማጣሪያ በቀኝና በታች አንድ ጥቁር መስመር ቢጨምር ይመረጣል። እዚህ ላይ አንድ ስውር ልዩነት ልብ ይሏል፦ የኤፍኤፍኤምፔግ ፓድ ሌላ ካልታዘዘ ምስሉን ከላይ በግራ ማዕዘን ያስቀምጠዋል፤ ክሮፕ ግን ሌላ ካልታዘዘ የሚቆርጠው መሀሉን ይዞ ከሁለቱም ወገን ነው። የነጥቦች መገኛ እንዳይንቀሳቀስ የሚፈልግ ሰው፣ ለክሮፕ መነሻው ዜሮ በዜሮ መሆኑን በግልጽ ይጻፍለት።

መለጠጥ ወይም ማሳነስ ተገቢ የሚሆነው ልኬቱን ለሌላ ምክንያት መቀየር አስቀድሞ ከተወሰነ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜም ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። 1920×1080 የሆነውን ቪዲዮ ወደ 500 ወርድ ለማሳነስ ቁመቱን -1 ብሎ ለፕሮግራሙ የተወ ሰው 281 ያገኛል፤ ይህም ጎዶሎ ስለሆነ ኢንኮደሩ አይቀበለውም። -2 ቢል ግን ፕሮግራሙ ምጥጥኑን ጠብቆ ለ2 ወደሚካፈለው ቅርብ ቁጥር፣ ማለትም ወደ 282 ይወስደዋል። በዚህች አንድ አሃዝ ምክንያት የጠፋ ቀን ብዙ ነው።

ሁለት ሌሎች አማራጮችም አሉ፤ ሁለቱም ስህተቱን ዝም ያሰኛሉ፣ ሁለቱንም ግን ለደንበኛ ሥራ አልመርጣቸውም። የመጀመሪያው የቀለም ናሙናውን ወደ 4:4:4 መቀየር ነው። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ቀለም ስላለው ጎዶሎ ልኬት ያልፋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖችና ስልኮች እንዲህ ያለውን ኤች.264 አይከፍቱትም። ይህ ወጥመድ ሳይታወቅ የሚመጣበት መንገድ ስላለው በተለይ ይጠንቀቁ፦ ከፒኤንጂ ምስሎች ቪዲዮ ሲሠራ የቀለም ናሙናው በግልጽ ካልተነገረ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ ለኤክስ264 የሚሰጠው በራሱ 4:4:4ን መርጦ ነው። ፋይሉ ያለ ስህተት ይወጣል፣ በኮምፒውተራችን ይታያል፣ የደንበኛው ቴሌቪዥን ግን ይጥለዋል። ከዚያ 4:2:0 እንዲሆን ስናዝ ተደብቆ የነበረው የጎዶሎ ስህተት ያን ጊዜ ብቅ ይላል። ሁለተኛው አማራጭ ጎዶሎ ልኬትን ወደሚቀበለው ሌላ የመጭመቂያ ደንብ፣ ወደ ቪፒ9 መዞር ነው፤ ለድረ ገጽ ከሆነ ምንም አይደለም፤ በፍላሽ ተገልብጦ የቆየ ቴሌቪዥን ላይ ለሚሰካ ሥራ ግን አይመከርም።

ቅርጹ ሲለያይ

ቀረጻዎችን የማያያዝ ሥራ ሁለት መንገድ አለው፤ የሁለቱ የስህተት ጠባይ ስለሚለያይ ምርጫው ከዚህ ይጀምራል። እንደገና ኢንኮድ ሳያደርጉ ፋይሎቹን እንዳሉ መቀጠል ፈጣን ነው፤ ልኬታቸው ሲለያይ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ስህተት ሳይናገር ያልፍና፣ ማጫወቻው ሁለተኛው ቅንጭብ ላይ ሲደርስ ምስሉ ይቆማል ወይም ይበጣጠሳል። በማጣሪያ የሚደረገው ማያያዝ ቀርፋፋ ቢሆንም ሐቀኛ ነው፤ 1280×720 የሆነው ግቤት ከ1920×1080 ጋር እንደማይገጥም ቁጥሮቹን ጠቅሶ ይናገርና ሥራውን ያቆማል። ቅንጭቦቹ ከአንድ ካሜራ በአንድ ቅንብር ካልወጡ በስተቀር ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ወርድና ቁመት እኩል ሆኖ ሳለ ይኸው ስህተት ከመጣም የፒክስሉን ምጥጥን ይመልከቱ፤ የካሴቱ ቅጂ ተስተካክሎ ወደ 1080 ቢያድግም ምጥጥኑ 1:1 ተብሎ ካልተጻፈለት አሁንም «አልገጠመም» ይባላል።

ከባዱ ምርጫ የቆመውን የስልክ ቀረጻ ወደ ተኛው 1920×1080 ማስገባት ነው። ከለጠጡት ወርዱ ከሚገባው ከ3 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ሙሽራዋ እንደ መሶብ ትከባለች። ስክሪኑን እንዲሞላ ከቆረጡት ደግሞ ከ1920 ረድፎቹ የሚተርፉት 608 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ከምስሉ ከ3 እጅ 2 እጅ በላይ ይጠፋል። ምጥጥኑን ጠብቀው ካሳነሱትና ዙሪያውን ከሞሉት 608×1080 ሆኖ መሀል ይቀመጣል፤ በግራና በቀኝ 656 ፒክስል ባዶ ይተርፋል፤ ዋናው ምስል የስክሪኑን ወርድ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። እንከን የሌለው አማራጭ የለም፤ የሚመረጠው የትኛው ጉድለት ለባለቤቱ እንደሚቀል ታይቶ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ የሽማግሌዎች ምርቃት ያለበትን የቆመ ቀረጻ፣ ጥቁሩ ባዶ አስቀያሚ ነው ብዬ መሀሉን ቆርጬ ሞላሁት። የሙሽራው እናት ሥራውን ሲያዩ ረጋ ብለው «ልጄ፣ የእማማ እጅስ የት ገባ?» አሉኝ። አሮጊቷ ዝቅ ብለው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ የሚታዩት በምስሉ የታችኛው ክፍል ነበር፤ እኔ የተውኩላቸው ግን ከበስተ ኋላ የቆሙትን ሰዎች ደረትና መጋረጃውን ነው። ከዚያ ወዲህ ምርቃት፣ ኒካሕ፣ ቀለበትና ፊርማ ያለበትን ቅንጭብ አልቆርጥም፤ እሞላለሁ። ጭፈራ ወይም የመኪና አጀብ ከሆነ ግን ዋናው ነገር እንቅስቃሴው ስለሆነ መቁረጡ ያምራል፤ የሚቆረጠውን መስኮት ግን በዓይን እያዩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

በጥቁር ልሙላው ወይስ ያንኑ ምስል አስፍቼና አደብዝዤ ከጀርባው ላንጥፍ የሚለው በአብዛኛው የጣዕም ጉዳይ ነው። የደበዘዘው ጀርባ ለዓይን ይሞላል፤ ዋጋውም የሥራ ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬም (የቪዲዮው ነጠላ ምስል) ሁለት ጊዜ ልኬቱ ይቀየርና ይደበዝዛል፤ በደካማ ላፕቶፕ ይህ በጉልህ ይታወቃል። ብዙ የቆሙ ቅንጭቦች ካሉ ግን እነሱን ለይቶ በ1080×1920 ለስልክ የሚሆን ሌላ አጭር ቪዲዮ መሥራት ከሁሉም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሁሉም መድረሻ ልኬት የቱ ይሁን ለሚለው፣ ቴሌቪዥን ላይ በፍላሽ የሚታይ ከሆነ 1920×1080 ይያዙ፤ የድሮኑንም ወደዚያ ያሳንሱ። ቦታ እንዲገኝ ብሎ ቁመቱን ወደ 1200 ማሳደግ ለቆዩ መሣሪያዎች መዘዝ አለው፤ በእነሱ ዘንድ የተለመደው የኤች.264 የአቅም ደረጃ 4.1 በአንድ ፍሬም የሚፈቅደው 8192 ብሎክ ሲሆን፣ 1920×1088 ሆኖ የሚቆጠረው የተለመደው ልኬት 8160 ይፈጃል፤ 1920×1200 ግን 9000 ይደርሳል።

የተነገረውና የቀረበው ሲለያዩ

ይህ ክፍል በፓይተን ወይም በሌላ ቋንቋ ፕሮግራም ጽፈው ፍሬሞችን አንድ በአንድ ለኢንኮደር የሚያቀብሉትን ይመለከታል። እዚህ መቁረጥም መሙላትም ቦታ የላቸውም፤ መስተካከል ያለበት ለኢንኮደሩ የተነገረው ቁጥር ነው።

ጥሬ ምስል የራሱን ወርድና ቁመት ይዞ አይመጣም፤ የባይት ጅረት ብቻ ነው። 1280×720 የሆነ የ4:2:0 ፍሬም 1,382,400 ባይት ሲሆን፣ 1920×1080 የሆነው 3,110,400 ባይት ነው። የቀረበው ትንሹ ሆኖ የተነገረው ትልቁ ከሆነ፣ ኢንኮደሩ ሁለት ፍሬም ከሩብ እየዘገነ እንደ አንድ ፍሬም ይቆጥረዋል፤ አረንጓዴና ሮዝ የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ ይወጣል እንጂ የስህተት መልእክት ላይመጣ ይችላል። ባይት መቁጠር የማይደርስበት ደግሞ መዞር ነው፤ 1920×1080ና 1080×1920 የባይታቸው ብዛት እኩል ስለሆነ ቆጠራው ትክክል ሆኖ ምስሉ ይበላሻል። ኤፍኤፍኤምፔግ የስልክ ቪዲዮን ሲፈታ የመዞሪያ ምልክቱን አክብሮ በራሱ እንደሚያዞረው አስታውሰው፣ ልኬቱን ከፋይሉ መግለጫ ሳይሆን ከተፈታው የመጀመሪያ ፍሬም ላይ ያንብቡ።

ምስሉ በሰያፍ ተቀዶ የተንሸራተተ ከመሰለ ጥርጣሬዎን ወደ ረድፍ ርዝመት ያዙሩት። ወርዱ 1366 የሆነ ምስል በማህደረ ትውስታ ውስጥ በ1376 ርዝመት ሊቀመጥ ይችላል፤ ትርፎቹን 10 ፒክስሎች ሳይጥል የሚያነብ ፕሮግራም በየረድፉ 10 ፒክስል እየተንሸራተተ ይሄዳል።

ኦፕንሲቪ የተባለው፣ ምስል ለማቀነባበር ፕሮግራም ውስጥ የሚጨመረው መሣሪያ የተለየ ጠባይ አለው፤ ቪዲዮ ጸሐፊው ሲከፈት ከተነገረው ልኬት ጋር የማይስማማ ፍሬም ሲደርሰው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ሰዓታት ፈጅቶ የተጠናቀቀው ሥራ ጥቂት መቶ ባይት ብቻ ያለው፣ የማይከፈት ፋይል ሆኖ ይገኛል። ዋናው ተጠያቂ ቅደም ተከተል ነው፦ በፓይተን ምስሉን የሚይዘው የነምፓይ የቁጥር ድርድር ቁመትን አስቀድሞ ወርድን ያስከትላል፤ ቪዲዮ ጸሐፊው ግን ወርድን አስቀድሞ ይጠይቃል። ምስልና ቪዲዮ ለማንበብና ለመጻፍ የሚያገለግለው ሌላው የፓይተን መሣሪያ ኢማጅአይኦ ደግሞ በተቃራኒው ከልክ ያለፈ አሳቢ ነው፤ በራሱ ቅንብር ሁሉንም ለ16 እንዲካፈል ስለሚያደርግ 1920×1080ን ወደ 1920×1088 ለጥጦ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን አይለፉት፤ የብሎኩን መጠን ወደ 2 ቢቀይሩት ልኬቱ ሳይነካ ይወጣል። ከሁለቱ ጠባዮች የቱ ይሻላል ቢባል፣ ያስጠነቀቀው ይሻላል።

በሶፍትዌር ወይስ በሃርድዌር

በፕሮሰሰር የሚሠራው ኤክስ264 የ2ን ሕግ ከጠበቁለት ሌላ ብዙ አይጠይቅም፤ ስህተቱንም በግልጽ ይናገራል። የግራፊክስ ካርድና የስልክ ኢንኮደሮች ፈጣን ናቸው፤ ነገር ግን የራሳቸው ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አላቸው። ለምሳሌ በኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ውስጥ ያለው ኢንኮደር ኤንቪኤንሲ ኤች.264ን የሚሠራው እስከ 4096 ወርድ ድረስ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የሚሰጠው መልእክት ኢንኮደሩ ሊከፈት አለመቻሉን ብቻ የሚገልጽ ሊሆን ይችላል። በአንድሮይድ የትኛው ስልክ ለ2፣ የትኛው ለ16 መካፈልን እንደሚጠይቅ ይለያያል፤ ፕሮግራሙ ይህን ከሲስተሙ ጠይቆ ማወቅ ይችላል። ሳይጠይቁ ደኅና ለመሆን ከፈለጉ 1280×720ን ወይም 848×480ን ይምረጡ፤ ሁለቱም ለ16 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። በልማድ የምንጽፈው 854×480 ተጋማሽ ቢሆንም ለ16 አይካፈልም። ስለዚህ ምክንያቱ ባልታወቀ ስህተት ጊዜ ያንኑ ግቤት አንድ ጊዜ በኤክስ264 መሞከር ጥሩ መለያ ነው፤ በእሱ ካለፈ ችግሩ የሃርድዌሩ ወሰን ነው፤ በእሱም ከወደቀ ግቤቱ ራሱ ነው።

ትዕዛዝ መጻፍ የማይወድ ሰው ሃንድብሬክ የተባለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ቢጠቀም ጎዶሎውን ቁጥር በራሱ ያስተካክልለታል፤ ጥቁር ጠርዝ ያየ ሲመስለው በራሱ እንደሚቆርጥም ይወቅ፤ ማታ በሻማ የተቀረጸ ምስል ላይ ይህን ማጥፋት ያስፈልጋል። የተለያዩ ፋይሎችን ለማያያዝ ግን አልተሠራም።

የመረጡት መንገድ የትኛውም ቢሆን ሙሉውን ሥራ ከማስጀመርዎ በፊት፣ ልኬቱ ከሚቀየርበት ቦታ ላይ 10 ሰከንድ ብቻ ቆርጠው ያውጡ፤ በክረምት የጅማ ዝናብ ሲወርድ መብራት እስኪጠፋ ያለችው ጊዜ ለሙከራ እንጂ ለጸጸት አትበቃም። ያወጡትንም 10 ሰከንድ በኮምፒውተር ሳይሆን በፍላሽ አድርገው ቴሌቪዥን ላይ ይመልከቱት፤ ዓይንዎን ከስክሪኑ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሳርፉ። እዚያ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ካለ፣ ሊደበቁ የተገባቸው 8 ረድፎች ወጥተው እየታዩ ሊሆን ስለሚችል፣ በሃርድዌር የሠሩትን በኤክስ264 ደግመው ያውጡና መስመሩ መጥፋቱን ይዩ።